በፅጌረዳ ልክ

አሰላ ውስጥ፣ ከቅዳሜ ገበያው ዝቅ ብሎ፣ ሙህዲን የሚባል ባለሱቅ ነበር። ጨው፣ ሳሙና፣ ላምባ፣ ክብሪት ይሸጣል፤ በዚህ ከሌላው ባለሱቅ አይለይም። የሚለየው ከኋላው ባለው መደርደሪያ ነው። እዚያ ላይ የልጆች መጫወቻ ደርድሯል። በዚያ ዘመን፣ በአርባዎቹ መጨረሻና በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ማለት ነው፣ መጫወቻ በገንዘብ ይገዛል ቢባል ብዙ ሰው ይስቅ ነበር። ልጅ ጭቃ አቡክቶ በሬ ይሠራል፤ ጨርቅ ጠቅልሎ ኳስ ያበጃል፤ በቃ። ሙህዲን ግን ለዕቃ አዲስ አበባ በሄደ ቁጥር ከስኳሩና ከሳሙናው መሀል አንድ ሁለት መጫወቻ ሸጉጦ ይመጣል።

ደግሞ ለጠየቀው ሁሉ ዝም ብሎ አይሸጥም። አንድ ቀን ወይዘሮ አሰፋች፣ የአንድ ሹም ባለቤት፣ ገረዷን አስከትላ ገባችና ወደ መደርደሪያው ጠቆመች።

«ያቺን ቀይ መኪና አውርድልኝ።»

በቁልፍ የምትጠመዘዝ የቆርቆሮ መኪና ናት።

«ለማን ነው እትዬ?»

«ለልጄ ነዋ! ለጎረቤት ልገዛ ኖሯል?»

«ስንት ወሩ ነው?»

«ስድስት ሊሞላው ነው። ምነው፣ መንጃ ፈቃድ ልታወጣለት ነው?»

ሱቁ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሳቀ። ሙህዲንም ሳቀ፤ መኪናዋን ግን አላወረደም።

«እትዬ፣ በዚህ ዕድሜ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ነው የሚከተው። የዚች ቁልፍ ይወልቃል፣ ጠርዟም ይቆርጣል። አሁን እሱ የሚፈልገው ጨብጦ የሚያንቀጫቅጨው ነገር ነው። ይኸውልዎ፣ ይህን ቅጭልጭል ይውሰዱለት። መኪናዋን አራት ዓመት ሲሞላው ይምጡ፤ አስቀምጥልዎታለሁ።»

«አራት ዓመት! የሰው ብር አልቀበልም የሚል ነጋዴ ዛሬ ገና አየሁ» አለች ወይዘሮ አሰፋች። ብትቆጣም ቅጭልጭሉን ይዛ ሄደች፤ በሳምንቱም ልጇ ከእጁ አላወርድ እንዳለ ለማውራት ተመልሳ መጣች።

እንዲህ እያለ ስሙ ወጣ። ከሁሩታ ሳይቀር የሚመጡ እናቶች ነበሩ። የፈረንጅ መጽሐፍ አለው ይሉ ነበር። ሙህዲን ቁርኣን ቤት ከተማረው በቀር ፊደልም በቅጡ አይለይ። ያን ሁሉ ያወቀው ከአንዲት ልጅ ነው፤ ከጎረቤቱ ከዘርትሁን ልጅ፣ ከፅጌረዳ። ያወቀውም ለሌላ ልጅ ብሎ ነው። ያቺን ሌላዋን ልጅ ግን ከዘጠኝ ቀኗ ወዲህ አይቷት አያውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአርባ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በጥር ወር፣ የሙህዲን ሚስት ሸምሲያ ምጥ ያዛት። ሁለት ቀን ሙሉ አማጠች። ልጅቷ ስትወጣ ጠቁራ ነበር፤ አላለቀሰችም። አዋላጇ ቀዝቃዛ ውሃ ረጨቻት፣ ገለበጠቻት፣ መታ መታ አደረገቻት። በስንት ጊዜዋ፣ እንደ ጫጩት ያለ ድምፅ አወጣች። ሸምሲያ ያንን ድምፅ ሰምታ ፈገግ አለች፤ በማግሥቱ ግን አረፈች።

ዘርትሁን በዚያው ሳምንት ፅጌረዳን ወልዳ ነበር። ክርስቲያን ናት፤ ግን ለሕፃን ጡት ማን ሃይማኖት ይጠይቃል? ሁለቱንም ግራና ቀኝ ይዛ አጠባች። በስምንተኛው ቀን ወተቷ ለሁለት አልበቃ አለ። «ይቅር በለኝ ሙህዲን» ብላ አለቀሰች። የላም ወተት በማንኪያ ቢሰጧት ልጅቷ ታንቃ ልትሞት ደረሰች።

ያኔ ነው ከዲሮ የመጣው። ከዲሮ በበቆጂ በኩል የሚኖር የገብስ ገበሬ፣ የአርሲ ኦሮሞ፣ የሙህዲን የገበያ ወዳጅ ነው። ሚስቱ አስያ አራተኛ ልጇን ቀብራ ሳምንት አልሞላትም፤ ጡቷ ሞልቶ እያሠቃያት ነበር። ልጅቷን በጉዲፈቻ ሰጧቸው። ጉዲፈቻ እንደ አደራ አይደለም፤ የጉዲፈቻ ልጅ ላሳደጋት ልጅ ናት፣ ለወለዳት ባዕድ ናት። ሽማግሌዎች ሙህዲንን መሀል አስቀምጠው ቃል አስገቡት።

«ከብት አትነዳላትም። ልብስ አትቆርጥላትም። ስም አታወጣላትም። ስትዳር ጥሎሽ አትካፈልም። የከዲሮ ልጅ ናት። መቼም ይሁን መቼ ልጄን ብለህ አትመጣም።»

«እሺ» አለ ሙህዲን። ምን ይበል? ትኑርለት እንጂ።

ከዲሮ ቀመሪያ ብሎ ስም አወጣላት። ሙህዲን ስሟን የሰማው እንደማንኛውም ሰው፣ ገበያ ላይ ነው።

አራት አምስት ወር አለፈ። አንድ ጠዋት ዘርትሁን ፅጌረዳን ታቅፋ ሱቁ በር ላይ ቆማ ስታወራ፣ ልጅቷ እጇን ዘርግታ የሙህዲንን መቁጠሪያ ያዘች። ጭብጥ! አለቀቀችውም። ሙህዲን ደነገጠ።

«መቼ ነው መያዝ የጀመረችው?»

«ትናንት ዛሬ ነው። ፀጉሬን ልትጨርሰው ነው እኮ!»

ሙህዲን በሆዱ አሰበ። እኩያ ናቸው፤ ስምንት ቀን ሙሉ ከአንድ ጡት ጠጥተዋል። ከአንድ ጡት የጠጡ እኩል ያድጋሉ ሲባል ከእናቱ ሰምቷል። ስለዚህ ፅጌረዳ ዛሬ ከጨበጠች፣ ቀመሪያም ዛሬ ጨብጣለች። ልጁ ምን እንደያዘች አሰበ። ምንም አልሰጣት! ምንስ ይስጣት? ከብት አይባል፣ ልብስ አይባል። ያኔ መጫወቻ ትዝ አለው። ሽማግሌዎቹ መጫወቻን አላነሱም። ሄዶ አንደኛውን ሽማግሌ ቢጠይቃቸው በሳቅ ፈነዱ።

«መጫወቻ? ሕፃን ነገ የሚሰብረውን ዕቃ ማን ይቆጥረዋል ልጄ! ስጥ፣ ስጥ።»

እንግዲህ የሙህዲን አባትነት በዚያች ጠባብ ቀዳዳ ገባ። ሌላ በር አልነበረውም።

የመጀመሪያውን ቅጭልጭል ከአዲስ አበባ አስመጥቶ፣ በፅጌረዳ እጅ ሞክሮ፣ አጥቦ፣ በወረቀት ጠቅልሎ ለከዲሮ ሰጠው። ከዲሮ ገብሱን ሸጦ ፈረሱን እየጫነ ነበር። ዕቃውን አገላብጦ አየው።

«ይኼ ለምንድን ነው?»

«አሁን መጨበጥ ጀምራ የለ? ስታንቀጫቅጨው ድምፁን ሰምታ ትስቃለች። ታያለህ።»

ከዲሮ አንዴ አንቀጫቀጨውና፣ «እሺ፣ እንሰጣታለን» አለ።

ፅጌረዳ ያለ ድጋፍ ቁጭ ስትል ኳስ ላከ። ግድግዳ ይዛ ስትሄድ፣ ባለ ጎማ የእንጨት ፈረስ ላከ፤ በገመድ እየጎተተች እንድትሄድ። ዓመት ተመንፈቅ ሲሆናት አንዱ ባንዱ ውስጥ የሚገቡ ጣሳዎችን ቆርቆሮ ሠሪ ጋ ሄዶ አሠራ፤ ጠርዛቸውን ራሱ በሞረድ አለሰለሰ። ሁለት ዓመት አልፏት የጨርቅ ኳሷን ታቅፋ «እሹሩሩ» ስትል ቢሰማት፣ ሱቁን ዘግቶ ሄደና አሻንጉሊት ይዞ መጣ።

ከዲሮ ሁልጊዜ ይጠይቃል፦ «ይኼኛውስ ለምንድን ነው?»

ሙህዲን ሁልጊዜ ፊቱ እየበራ ያስረዳዋል። «ኳሱ? ተቀምጣ ሲንከባለልላት ልትይዘው ትንጠራራለች፤ ወገቧ ይጠነክራል።» «ፈረሱ? ወደ ኋላዋ እያየች ትስበዋለች።» «አሻንጉሊቷ? አሁን አፏን ፈትታለች አይደል? ታወራታለች፤ ትቆጣታለች፤ እንደ እናቷ ትሆናለች።»

ከዲሮ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። ከዚያ ዕቃውን ጋቢው ውስጥ ይሸጉጥና ይሄዳል። ሙህዲን «አንድ ቀን መጥቼ እንደ እንግዳ ልያት?» ሲለው ግን ምክንያት አያጣም። አንዴ ወንዙ ሞልቷል፤ አንዴ ከብቱ ታሟል። በሃምሳ ዓመተ ምሕረት ከነአካቴው አንድ ወር ሙሉ ከገበያ ጠፋ። ሲመለስ ከስቷል። «የዘመድ ለቅሶ ነበረብኝ» አለ። ሙህዲን ግን፣ ከዲሮ የሽማግሌዎቹን ቃል እያስከበረ ነው ብሎ አሰበ፤ ልክ ነው፣ አባት ሁለት አይሆንም አለ።

አንድ ነገር ብቻ ቅር ይለው ነበር። ከዲሮ አቡጀዲ የሚገዛው ከእሱ ሳይሆን ከፊት ለፊቱ ከገብረ መድህን ሱቅ ነው። ያም ከቃሉ የተነሣ ነው፤ ልብስ ከሙህዲን እጅ አይወጣም። ግን ብዛቱ! በየወሩ ማለት ይቻላል ክንድ ተክንድ ያስለካል። ሙህዲን በሱቁ በር ቆሞ እያየ ይስቃል።

«ዘርትሁን፣ ትሰሚያለሽ? ልብስ አልበቃት ብሏል! እንደ ሸምሲያ ረጅም ልትሆን ነው።»

«የኔይቱ ደግሞ ያምናው ቀሚሷ ዛሬም ልኳ ነው» ትላለች ዘርትሁን። «ምናልባት ወተቱን ያንተይቱ ናት የጨረሰችው!»

በሃምሳ ሁለት፣ ጥር ሲያልቅ፣ ፅጌረዳ አራት ዓመት ሞልቷት ነበር። አፈ ጮሌ ሆናለች። ሙህዲን የእንጨት እጀታ ያለው የመዝለያ ገመድ ሰጣትና ሱቁ ፊት ለፊት ስትሞክር አያት። ሁለት ጊዜ ተጠልፋ ወደቀች፤ በሦስተኛው ዘለለች።

«ይህን ለሷ ነው የምትሰጣት አይደል?» አለችው እያለከለከች።

«ለማን?»

«ለቀመሪያ። እማዬ ነግራኛለች። ሁሉን ነገር እኔ ሞክሬ ነው ለሷ የምትሰጣት። እሷ ከኔ ትበልጣለች?»

«እኩል ናችሁ።»

«ታዲያ ጠይቃት እስቲ፣ ስንት ትዘላለች?»

ሙህዲን ገመዱን ተቀብሎ ጠቀለለው። ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለው። አራት ዓመት ሙሉ የሰጠውን አንዱንም እጇ ሲገባ አላየም። ቃል ቃል ነው፤ ግን እንግዳ ሆኖ ደጃፍ ቆሞ፣ አንዴ ስትዘል አይቶ ቢመለስ ማንን ይጎዳል?

በሦስተኛው ቀን አበጋዝ የሚነዳው ትሬንታ ኳትሮ ላይ ወጣ፤ ያ ትልቅ የጭነት መኪና ወደ በቆጂ ጨው ያመላልሳል።

«ወዴት ነው ዛሬ ባለሱቁ?» አለው አበጋዝ።

«ቅቤ ልገዛ።»

«በመዝለያ ገመድ ነው ቅቤ የምትገዛው?»

ሙህዲን ገመዱን ኮቱ ውስጥ አስገባ። አበጋዝ እየሳቀ፣ «እሺ፣ ስመለስ ከሰዓት በኋላ ከመንገዱ ላይ ጥሩምባ እነፋልሃለሁ። ካልመጣህ ትቼህ ነው የምሄደው፤ እዚያ አገር ብርዱ ባለሱቅ አይመርጥም!» አለው።

የጭላሎን ተራራ በግራ ጥለው ወጡ። የገብሱ አጨዳ አልቆ፣ ክምሩ በየማሳው ላይ ቆሟል። ከበቆጂ ትንሽ መለስ ብሎ ወረደና፣ መንገድ እየጠየቀ ጭድ በተበተነበት ቀጭን መንገድ ሄደ። የከዲሮ አጥር ገና ከሩቅ ሲታየው አንድ ነገር አየ። አጥሩ ላይ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ጨርቅ እንዲደርቅ ተሰጥቷል። አቡጀዲ ነው፤ ተቀዶ ተቀዶ፣ ታጥቦ፣ ልክ እንደ ሕፃን መጠቅለያ።

ሙህዲን ቆመ። ከዚያ ፈገግ አለ። አልሐምዱሊላህ! አስያ ወልዳለች። ከዲሮ ደብቆኝ ነው፤ የራሳቸውን ልጅ ሲያገኙ ቀመሪያን ይረሷታል እንዳልል ፈርቶ ነው። ለአራስ ልጅ የሚሆን ምንም ሳልይዝ መጣሁ ብሎ እንደውም ተጨነቀ።

ደጃፍ ደርሶ ሲጣራ፣ አስያ ድምፁን ሰምታ ወጣች። ቀጭን፣ እጇ ውሃ የበላው ሴት ናት። እሱ መሆኑን ስታውቅ በሩን በአካሏ እንደ መሸፈን አለች።

«ከዲሮ የለም። ከብት ሊያጠጣ ሄዷል።»

«ልጠብቀው እችላለሁ። እንኳን ደስ አለሽ እህቴ! መቼ ወለድሽ? አንድ ቃል እንኳ ሳይነግረኝ!»

አስያ አላየችውም። ዓይኗ የእሱን ዓይን ተከትሎ አጥሩ ላይ ሄደ።

«አልወለድኩም» አለች።

ነፋሱ ጨርቆቹን አንሥቶ መለሳቸው። አስያ ከበሩ ዘወር አለችለት።

«ከመጣህማ ግባ» አለች። «ውጭ ብርድ ነው።»

ቤቱ ውስጥ ቁርበት ተነጥፎ፣ ጭድ የተሞላ ጆንያ በሦስት በኩል ተደግፎ፣ መሀሉ ላይ ቀመሪያ ተቀምጣለች። ተቀምጣለች ማለት ተቀምጣ አይደለም፤ ጆንያዎቹ ናቸው ያስቀመጧት። ፀጉሯ ተሠርቷል፤ ቅባት ጠጥቷል። እግሮቿ ረጃጅም፣ እንደ ሸንበቆ የቀጠኑ ናቸው። ግንባሯ የሸምሲያ ግንባር ነው። ራሷ ወደ ትከሻዋ ዘንበል ብሎ፣ ከአፏ ለሃጭ ይወርዳል፤ አስያ ሳታስበው በመዳፏ ጠረገችላት።

ከልጅቷ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ በእንጨት ችንካር ላይ በተራ ተሰቅለዋል። ቅጭልጭሉ። ኳሱ በመረብ። ፈረሱ። ጣሳዎቹ በገመድ ታስረው። አሻንጉሊቷ። አቧራ የለባቸውም። የፈረሱ ጎማ አንድ ጭረት የለውም።

ሙህዲን ቁርበቱ ጠርዝ ላይ ዘፍ አለ።

«ቀመሪያ» አለ። ልጅቷ አልዞረችም።

ከዲሮ ሲገባ ሙህዲንን አይቶ በሩ ላይ ቆመ። ከዚያ ዱላውን ግድግዳ አስደግፎ ከፊት ለፊቱ ተቀመጠ።

«አደራ በላ እንዳትለኝ ፈራሁ» አለ። «መጀመሪያ ደግሞ አላወቅንም፤ ወላሂ። እኛ ልጅ አሳድገን አናውቅም። የቀበርናቸው ሁሉ አርባ ቀን አልሞላቸውም። ልጅ በስንት ወሩ ምን እንደሚያደርግ ከየት እንወቅ? ዝምተኛ ልጅ ናት፣ ጨዋ ናት እያልን ደስ ብሎን ነበር።»

«ማን ነገራችሁ ታዲያ?»

ከዲሮ ወደ ግድግዳው አየ።

«አንተ ነሃ።»

ሙህዲን አልገባውም።

«ቅጭልጭሉን ስትሰጠኝ፣ አሁን ትጨብጣለች አልከኝ። አመጣሁላት፤ እጇ ላይ ብናደርገው ወደቀ። ነገ ትይዘው ይሆናል አልን። ኳሱን ስትሰጠኝ፣ ተቀምጣ ትንጠራራለች አልከኝ። ያኔ ነው አስያ መቀመጥ ነበረባት ማለት ነው ያለችው። ፈረሱ ሲመጣ መሄድ ነበረባት ማለት ነው አልን። ገበያ በወጣሁ ቁጥር እፈራ ነበር። ዛሬስ ምን ይሰጠኝ ይሆን? ምን አለፋት ይለኝ ይሆን?»

«ሲመለስ እጁን ነው የማየው» አለች አስያ ከኋላው። «ባዶ እጁን ከመጣ ያን ሳምንት እንቅልፍ እተኛለሁ።»

ሙህዲን ሁለት እጁን ራሱ ላይ አደረገ። እዚያ ሱቅ በር ላይ ቆሞ፣ ፊቱ እየበራ፣ ያንን ሁሉ ያስረዳ የነበረውን ራሱን አስታወሰ፤ እንደ ሌላ ሰው አድርጎ አስታወሰውና ጠላው።

«ለምን አልነገራችሁኝም? ለምን መልሰህ አልጣልክብኝም?»

«ደስታህን ሳይ እንዴት ብዬ ልንገርህ?» አለ ከዲሮ። «ደግሞ መጫወቻዎቿ ናቸው። አስያ እያንዳንዱን አንድ ወር ፊቷ ታስቀምጠዋለች። ወሩ ሲያልቅ ትሰቅለዋለች።»

ሙህዲን በድንገት ቀና አለ።

«ስሙኝ። አዲስ አበባ ልውሰዳት። ትልቅ ሐኪም ቤት አለ፤ ፈረንጅ ሐኪም አለ። ሱቁን እሸጣለሁ። ነገ በአበጋዝ መኪና...»

«አትወስዳትም» አለች አስያ።

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ከልጅቷ ጎን ተንበርክካ ጆንያውን እያስተካከለች ነበር።

«ለመድኃኒት ነው እህቴ፤ ላስቀራት አይደለም።»

«ሰጥተኸኛል። ሽማግሌ ፊት ሰጥተኸኛል። ደህና ብትሆን ኖሮ ልውሰዳት አትልም ነበር፤ ስለታመመች የሚመለስ ጉዲፈቻ የለም። እኔ እንደሆን ስትታነቅ በየትኛው ጎኗ እንደምትተኛ አውቃለሁ። አንተ ምኗን ታውቃለህ?»

ከዲሮ አዘነለት። ክንዱን ያዘው።

«ወስጃታለሁ ሙህዲን። ያን ጊዜ ለቅሶ ነበረብኝ ያልኩህ ጊዜ። ሁለት በሬ ሸጬ አዲስ አበባ ሃያ አምስት ቀን ተኛን። ሐኪሙ ደግ ሰው ነበር። ዓይኗን በባትሪ አየ፣ ጉልበቷን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አደረገ። ከዚያ ስለ ልደቷ ጠየቀኝ፤ አንተ ነግረኸኝ የነበረውን ነገርኩት፤ ሳትተነፍስ መቆየቷን። በአስተርጓሚ እንዲህ አለኝ፦ ያኔ ነው የተጎዳችው፤ ማንም አላጠፋም፤ የሚመልሰው መድኃኒት የለንም። አብሏት፣ እጠቧት፣ ውደዷት አለኝ። ሌላ ነገር የለም ወይ ብዬ ሦስት ጊዜ ጠየቅሁት። አስተርጓሚው አፈረ፤ ሦስተኛውን አልተረጎመልኝም።»

ሙህዲን አለቀሰ። ከዲሮ አላባበለውም፤ የወንድ ልቅሶ ሲወጣ ማቆም ጥሩ አይደለም ብሎ ነው መሰለኝ፣ ተነሥቶ እሳቱን አቀጣጠለ። ከሙህዲን ኮት ሥር የገመዱ እጀታ ወጥቶ መሬት ላይ ቀጭ ሲል አስያ አየችው። ምን እንደሆነ አልጠየቀችም። ሙህዲን በእግሩ ገፍቶ ከቁርበቱ ሥር ከተተው።

ትንሽ ቆይቶ፣ ዕንባውን በኮቱ እጅጌ ጠርጎ፣ «ቢያንስ አቡጀዲውን ከኔ ውሰድ» አለ። «ሳሙናውን። ይህንን እንኳ።»

«ልብስ ነው» አለ ከዲሮ እያዘነ። «ልብስ አትቆርጥላትም ተብሏል። ከሽማግሌዎቹ ሁለቱ ሞተዋል፤ ማን ይፈታዋል? አይሆንም ወንድሜ። ደግሞም አንተ እንዳትከፋ ብዬ ነው ከማዶ የምገዛው፤ አይተህ ብዛቱን እንዳትጠይቀኝ።»

አስያ ይህን ጊዜ ልጅቷን አንሥታ ነበር። ሙህዲንን ለረጅም ጊዜ አየችው። ቁጣዋ ወርዷል።

«ሰዎች ሲያወሩ እሰማለሁ» አለች። «አሰላ ውስጥ የልጅን ዕድሜ እንደ አንተ የሚያውቅ የለም ይላሉ። ከዚህ ቀጥሎ ይህ ይመጣል፣ ከዚያ ያ ይመጣል ትላለህ ይላሉ። እውነት ነው?»

«ይላሉ።»

«እንግዲያው ንገረኝ። ባለፈው ክረምት በስሟ ስጠራት ዓይኗን ማርገብገብ ጀምራለች። ዘንድሮ ደግሞ ሳጥባት ጣቴን አንዳንድ ጊዜ ጨምቃ ትይዛለች። አንዳንድ ጊዜ ነው። ከዚህ ቀጥሎ ምን ይመጣል?»

ሙህዲን ወደ ግድግዳው አየ። ከዚያ ወደ ልጅቷ። ፅጌረዳ በአእምሮው መጣች፤ ስትጨብጥ፣ ስትቀመጥ፣ ስትሮጥ፣ ስትዘል፤ ሁሉም ይታየዋል፤ አንዱም ለዚህች አይሆንም።

«አላውቅም አስያ» አለ።

አስያ ራሷን ነቀነቀች፤ የጠበቀችው መልስ ነበር። ቢሆንም መጠየቅ ነበረባት።

«ላሟን ላልብ ነው» አለች። «ያዛት። እንዲያ አይደለም! ክንድህን ከአንገቷ ሥር። አዎ። ደረትህን አስጠጋላት። ራሷ ከባድ ነው፤ አትልቀቅባት።»

ያዛት። ከዘጠኝ ቀኗ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ከምትመስለው ትከብዳለች። ትኩሳት የሌለባት፣ ሙቅ፣ ወተት ወተት የምትሸት ልጅ ናት። ወዲያው ክንዱ ደነዘዘ፤ ግን ቢያነቃንቀው የሚሆነውን ስለማያውቅ ዝም አለ። ከዲሮ ምድጃው አጠገብ ሆኖ ያያቸዋል።

አንዲት ቡናማ ዶሮ በበሩ ገብታ የወደቀ ገብስ እየለቀመች ወደ ቁርበቱ መጣች። ሙህዲን ቁልቁል ሲያይ፣ የቀመሪያ ዓይኖች ዶሮዋ ላይ ናቸው። ዶሮዋ ወደ ግራ ስትሄድ ወደ ግራ ሄዱ።

«አየች!» አለ፤ ድምፁን ራሱ አላወቀውም። «ከዲሮ፣ እያየች ነው!»

አስያ ቅል ይዛ ተመለሰች። «ዶሮዋን ሁልጊዜ ታያለች። ሌላውን እንጃ።»

«አዲስ አበባ አንዲት የቆርቆሮ ዶሮ አለች» አለ ሙህዲን፤ ውስጡ ያለው ነጋዴ ቀድሞት ተናገረ። «ሲጠመዝዟት እህል እንደምትለቅም አንገቷን እያጎነበሰች መሬቱን...»

መሀል ላይ ቆመ። መጫወቻዋ ለስንት ዓመት ልጅ እንደሆነች ያውቃል።

«ተወው ወንድሜ» አለች አስያ፤ ቅሉን አስቀምጣ፣ የልጅቷን አፍ እየጠረገች። «ዶሮ እኛም አለን።»

ከታች ከመንገዱ የአበጋዝ ጥሩምባ ተነፋ። አንድ። ሁለት። ከዲሮ ሙህዲንን አየው።

«መኪናህ ነው።»

«ሰምቻለሁ» አለ ሙህዲን። አልተነሣም። ቢነሣ ራሷን ማን ይይዝላታል፤ ባይነሣስ ምን ያደርግላታል?

ሦስተኛው ጥሩምባ ራቅ ብሎ ተሰማ። ዶሮዋ እህሉን ጨርሳ በበሩ ወጣች። የቀመሪያ ዓይኖች በሩ ላይ ቀሩ። ሙህዲንም ዶሮዋ ትመለስ እንደሆነ ብሎ በሩን ያይ ጀመር።